በፊደል ልዩነት ስም የማያገኘው ቪሉክአፕ

ኤክሴል 2016 ላይ ሁለት ሺት አለኝ፦ አንዱ የደመወዝ መዝገብ፣ ሌላው የሰዓት መቆጣጠሪያ። ሁለተኛው የመታወቂያ ቁጥር ስለሌለው የሚገናኙት በሙሉ ስም ብቻ ነው፤ ወደ 1,400 ረድፍ ይሆናል።

ቪሉክአፕ (VLOOKUP፣ አንድን ስም በሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ በረድፉ ያለውን የሚያመጣ ፎርሙላ) መጨረሻው ላይ ፎልስ (FALSE፣ ፍጹም ተመሳሳዩን ብቻ ፈልግ) ሲሰጠው ብዙ ረድፍ ላይ ኤን ኤ (#N/A፣ አልተገኘም) ያመጣል። ድርብ ክፍተቶቹን ትርፍ ክፍተት የሚያጠፋው ትሪም (TRIM) አጸዳቸው። ከድረ ገጽ ተቀድቶ የመጣውን ኮድ 160 ክፍተት (ተራ ክፍተት የሚመስል ሌላ ምልክት) ግን ትሪም አይነካውም፤ እሱን በሰብስቲትዩት (SUBSTITUTE፣ አንዱን ፊደል ወይም ምልክት በሌላ የሚተካ ፎርሙላ) ወደ ተራ ክፍተት ቀየርኩት።

የቀረው የፊደል ጣጣ ነው። እዚህ «ሠላማዊት ኃይሉ»፣ እዚያ «ሰላማዊት ሀይሉ»፤ ለኤክሴል ሁለት ሰው ናቸው። ፎልስን በትሩ (TRUE፣ ተቀራራቢውን ፈልግ) መተካት አይታሰብም፣ የሌላ ሰው ደመወዝ ጎትቶ ያመጣል። በመዝገቡ ላይ በቀጥታ ፈልጎ መተካትም አይሆንም፤ ስሙ ባንክ ካለው ጋር አንድ ሆኖ መቆየት አለበት።

ስለዚህ በረዳት ኮለም ሰብስቲትዩትን በሰብስቲትዩት ውስጥ ደራረብኩ። ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ከነቤተሰባቸው 35 ምትክ ይፈልጋሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ 37። ኤክሴል እስከ 64 ድርብ ስለሚፈቅድ ይሠራል፤ ግን አንድ ቅንፍ ከጎደለ የት እንደጎደለ ማግኘት መከራ ነው።

ምትኮቹን «ከ» እና «ወደ» የሚል ሁለት ኮለም ባለው ሠንጠረዥ ጽፌያቸዋለሁ። ማክሮ አይፈቀድም፣ ፓወር ኩዌሪ (Power Query፣ ኤክሴል ውስጥ ያለ የዳታ ማስተካከያ መሣሪያ) ግን ይሠራል። ይህን ሠንጠረዥ ረድፍ በረድፍ እያነበበ በስም ኮለሙ ላይ ሁሉንም በተራ የሚተካ የፓወር ኩዌሪ ትእዛዝ እንዴት ይጻፋል?