አስከሬን ማቆያ ለመክፈት የሳጥን ፈቃዴ ይበቃል?

ሳጥን ሠሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ የሬሳ ሳጥን እሠራለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር አንድ ቤተሰብ ልጃቸው ከውጭ እስኪገባ አባታቸውን ሁለት ቀን ማቆየት ፈለጉ። ፍሪጅ ያለው ቦታ ሞልቷል ተባሉ። በረዶ እየገዙ በፌስታል ከበቡት። ውኃው ከሳጥኔ ሥር ጠብ ጠብ ሲል እኔ አፈርኩ። ሬሳው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል የሚወጋ ባለሙያ ቀጥሬ ሥራውን ብጨምርስ? ያለኝ ንግድ ፈቃድ ይበቃል?

የላብራቶሪው፦ ጋሼ፣ በሳጥን ፈቃድ ሬሳ መውጋት አይሞከርም! በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ መደብ ነው። የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ዘርፍ ከሆነ ደግሞ እሱ ይቀድማል። ንግድ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ጤና ቢሮን ይጠይቁ። ፎርማሊን ቀልድ አይደለም። 37 በመቶ ገደማው ፎርማልዴሃይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፤ ካንሰር ያመጣል። ተማሪ ሳለሁ በፎርማሊን የቆየ ሬሳ ያለበት አናቶሚ ክፍል ገብተን ዓይናችን እንባ በእንባ ሆኖ ነበር የምንወጣው። አየር ማስወጫ የሌለው ቤት ውስጥ እንዳያስቡት።

ከካሊፎርኒያ፦ እዚህ የሚወጋው ሰው ለብቻው፣ ቀብር አስፈጻሚ ቤቱ ለብቻው፣ ሬሳ ማቃጠያውም ለብቻው ፈቃድ አለው። ለመውጋት ትምህርት፣ 2 ዓመት ልምምድና ፈተና አለ።

የማራኪ ልጅ፦ ማቃጠያውን እንኳ ተወው። እድርተኛው መጀመሪያ አንተን ነው የሚያቃጥልህ 😂

ሳጥን ሠሪው፦ ማቃጠል ማን አለ! ሰኞ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ። መውጋቱ ይቅርና ፍሪጅ ብቻ ባስገባስ?