ለቀላል ሲስተም ሪአክትና ኖድ የግድ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሆነን የቀጠሮ መያዣ ሲስተም ልንሠራ ነው። ፎርም፣ ሠንጠረዥ፣ ሪፖርት፣ ያው የተለመደው ነው። እኔ ጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የሚጻፍ የዌብ ሲስተም መሥሪያ) ብቻውን ይበቃል እላለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ተጠቃሚው የሚያየው የፊቱ ክፍል (ፍሮንትኤንድ) በሪአክት፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው የኋላው (ባክኤንድ) በኖድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል፤ ሁለቱም በጃቫስክሪፕት ነው የሚጻፉት። እስቲ ፍረዱን።

የጃንጎ ወገን፦ ጃንጎ! እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ ብዙ የታየበት ነገር ነው። ሎጊኑ፣ አድሚን ገጹ፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ሁሉ አብሮ ይመጣል። ኖድ ላይ ኤክስፕረስ የሚባለውን መሥሪያ ብትይዙ ግን ሎጊን የለው፣ አድሚን የለው፣ ከየፓኬጁ እየለቀማችሁ ልትገጣጥሙ ነው።

የሪአክት ወገን፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ። ነገ ሞባይል አፕ ይሠራ ቢባልስ? ደግሞ ከፊትም ከኋላም አንድ ቋንቋ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሰው ናቸው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ኮዱን ከፍቶ መቀጠል አለበት። ታይፕስክሪፕት (የዳታ ዓይነት የሚፈትሽ ጃቫስክሪፕት) ይዘው ታይፖቹን ከፊትም ከኋላም ከተጋሩ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የፊልድ ስም ሲቀየር ፍሮንትኤንዱ ገና ሳይለቀቅ ይጮሃል።

የጃንጎ ወገን፦ በታይፕስክሪፕቱ አልከራከርህም። ግን ለሁለት መክፈሉ የሚያመጣውን ጣጣም ንገራቸው እንጂ። ቫሊዴሽኑ፣ ማለትም የገባው መረጃ ትክክል መሆኑን ማጣሪያው፣ ሁለት ቦታ ይጻፋል። ሁለቱ በተለያየ ዶሜይን ከተቀመጡ አንዱ ከሌላው ዳታ እንዲወስድ ብራውዘሩ ፈቃድ የሚጠይቅበት ኮርስ የሚባል ራስ ምታት አለ። ሎጊኑ በኩኪ ይሁን በቶከን (ሰርቨሩ ለገባ ሰው በሚሰጠው መለያ ኮድ) የሚለው ንትርክ አለ፣ ቶከኑን ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው የብራውዘሩ ማስቀመጫ ውስጥ ካስቀመጡት ደግሞ ገጹ ላይ ሾልኮ የገባ ስክሪፕት ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ይሄ ሁሉ ፎርም ለማሳየት? ሞባይሉ ሲመጣ ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ አለ፣ ያኔ አፑ ዳታ የሚወስድበት ኤፒአይ ይጨመራል።

መሃል ሰፋሪ፦ ገጹ ምን እንደሚሠራ ማንም አልጠየቀም። ቀጠሮውን ካላንደር ላይ እየጎተቱ ማዛወር ካለ የጃንጎ ቴምፕሌት (ሰርቨሩ ሞልቶ የሚልከው ገጽ) ብቻውን ያደክማል። ያቺን ገጽ ብቻ በሪአክት ወይም በመሰሉ በቪው ሠርቶ ጃንጎ ውስጥ መክተት ይቻላል። ዕድሜውንም አስቡ፤ አንጉላር ጄኤስ በሚባል ሌላ የፊት መሥሪያ ላይ የገነቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አንጉላር 2 ሲመጣ የድሮው ኮድ እንዳለ የማይሄድ ሆነባቸው።

የሪአክት ወገን፦ የአንጉላርን ዕዳ ለምን ሪአክት ላይ ትጭናለህ? እ.ኤ.አ. በ2019 ሁክስ የሚባለው አዲስ አጻጻፍ ሲመጣ በክላስ የተጻፈው የድሮው ኮድ አልተጣለም፣ ዛሬም ይሠራል።

መሃል ሰፋሪ፦ ሪአክት ራሱ አዎ። ዙሪያውስ? ስንቱ የሪአክት ፕሮጀክቱን የጀመረበት ክሪኤት ሪአክት አፕ የሚባል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአዲስ ሥራ አይሁን ተባለ። ራውተሩንም (ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረውን) ሌላውንም ራስህ ነህ የምትመርጠው።

ጠያቂ፦ ካላንደሩ ላይ መጎተት አለ። ደግሞ ጓደኛዬ ፓይተን አይችልም።

የጃንጎ ወገን፦ ኧረ ይሄንን መጀመሪያ አትናገርም! ባክኤንዱን የሚጽፈው ማነው?

ጠያቂ፦ እኔ።

የጃንጎ ወገን፦ በቃ፣ ጃንጎ። ካላንደሩን ለሱ ስጠው።

የሪአክት ወገን፦ ስጠው፣ ስጠው። ትንሽ ቆይቶ የቀሩትንም ገጾች በሪአክት ሲጽፋቸው ታያለህ።