«ቶታል» እና «ቶታሉ»፦ ሰፈርና ንግድ ቤት አንድ ስም ሲጋሩ

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ ውስጥ «ባምቢስ ነኝ» ያለ ሰው ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ነው ወይስ ሰፈሩ? ስሙ አንድ ሲሆን በሰዋስው የምንለይበት መንገድ አለን?

ፊደል ቆጣሪ፦ አለን፣ ያውም ሳናስበው። ዋናው መለያ እሙርነትን (ተለይቶ የታወቀ ነገር መሆኑን) የምታመለክተው «-ኡ» ናት። «ቶታል ጋ ጠብቀኝ» ከተባልክ ፌርማታው ነው፤ «ቶታሉ ጋ» ከተባልክ የነዳጅ ማደያው ራሱ። ስሙ አንዴ የቦታ ስም ከሆነ «-ኡ»ን አይቀበልም፤ «ጎንደሩ ሄድኩ» አይባልማ። ሁለተኛው መለያ ግሱ ነው። «ባምቢስ ወረድኩ» ሰፈሩ፣ «ባምቢስ ገባሁ» እና «ከባምቢስ ገዛሁት» ሱፐርማርኬቱ። «ነኝ» ብቻውን ሲሆን ግን አይለይም፤ ስልክ ላይ ሰው የሚተላለፈውም በሱ ነው። «በሩ ላይ ነኝ» ወይም «ባምቢስ አካባቢ ነኝ» ቢል ይገላገላል።

የሸገር ልጅ፦ «የመርካቶው ሱቅ» እንላለን እኮ! መርካቶ የቦታ ስም አይደለም እንዴ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እዚያ «-ው» (የ«-ኡ» ሌላ መልኳ) የሱቁ ናት፤ ቅጽል ወይም «የ» ያለው ቃል ከፊት ሲመጣ ወደሱ ትዘላለች (ትልቁ ሱቅ እንደምንለው)። ለዚህ ነው «የቶታሉ ካፌ» አሻሚ የሚሆነው። ማደያው ግቢ ያለው ካፌ ሊሆን ይችላል፣ ቶታል ሰፈር ያለውም ሊሆን ይችላል።

የሸገር ልጅ፦ ገባኝ። እንግዲያው ስሙ ሙሉ በሙሉ ሰፈር መሆኑን መፈተኛም አገኘን። ላንቻ የጣሊያን መኪና አምራች ስም ነው፣ ሲኤምሲም የጣሊያን የግንባታ ድርጅት፤ ዛሬ ግን «ሲኤምሲው ጋ» የሚል ሰው የለም። ድርጅቱ ከአእምሮ ሲጠፋ «-ኡ»ም አብራ ትጠፋለች። ቶታል ገና እዚያ አልደረሰም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ቶታልኢነርጂስ ቢያደርገውም «ቶታል ወራጅ አለ» የሚለውን የለወጠ የለም።

ጠያቂ፦ አያትስ? ከእናት እናት ጋር ይገናኛል?

ፊደል ቆጣሪ፦ አይገናኝም፣ ከሪል ስቴቱ ድርጅት የመጣ ነው። በንግግርም ብዙ አይምታታም፤ ዘመድ ሲሆን አያቴ፣ አያቱ፣ አያታችን እያልን ባለቤቱን እንጨምራለን፣ ሰፈር ሲሆን ባዶውን «አያት»።

ገበያ ወጪ፦ የተገላቢጦሹንም አትርሱ፣ ቦታ ለሱቅ ስሙን ሲያውስ። ደምበል የዝዋይ ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው፤ ኦሎምፒያ ያለው የገበያ ሕንፃ ሲጠራበት «ደምበል ሄድን» ዓሣም ጫማም ሆነ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ «ተራ» ያሳስታል። ሸማ ተራና ቆርቆሮ ተራ ዕቃውን ይናገራሉ፤ ዱባይ ተራ ዕቃው የመጣበትን ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሶማሌ ዕቃ የሚፈልግ የመኪና መለዋወጫ ይዞ ይመለሳል። ሎስ አንጀለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው የፌርፋክስ መንገድ ደግሞ መርካቶ የአንድ ምግብ ቤት ስም ነው። እዚያ «መርካቶ ውስጥ ነኝ» ያለ ሰው የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም።

ጠያቂ፦ «ደምበል» ነው «ደንበል»?

ገበያ ወጪ፦ ሁለቱም ይጻፋል። «ን» ከ«በ» ፊት ስትሆን ከንፈር ትገጥምና «ም» ትሆናለች፣ ስለዚህ በድምፅ ልዩነቱ አይሰማም። ካርታ ላይ ስትፈልግ ግን በአንዱ ካጣኸው በሌላው ሞክር።