ለቤት ውሻ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ምን ምን ይያዝ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ሲሆን ግቢያችንን የምትጠብቅ አንዲት ውሻ አለችን። ክረምት ሲገባ በአጥሩ ሥር እየሾለከች ትወጣና እግሯን የቆርቆሮ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ቆርጧት፣ አለዚያም ከሌሎች ውሾች ጋር ተናክሳ ትመለሳለች። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሐኪም ማግኘት በሚያስቸግርበት በማታ ወይም በእሑድ ቀን ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ እስክናደርሳት የሚያግዘንን ዕቃ በአንድ ሣጥን ማሰናዳት አስበናል። ከመድኃኒት ቤት ምን ልግዛ? ለሰው የምንጠቀምባቸው የቁስል ማጽጃዎችና የሕመም ማስታገሻዎችስ ለእርሷ ይሆናሉ? በቤታችን ሕፃናት ስላሉ ይህንንም አስባችሁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከሕመም ማስታገሻው ልጀምር፤ ብዙ ውሾች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቷንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል መጠኑ ሲያልፍ ጉበትን ያጠቃል፤ ድመት ካለችዎ ደግሞ ለእርሷ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ የሰው ማስታገሻ ከዚህ ሣጥን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

ለቁስል ዋናው ኖርማል ሳላይን (ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ንጹሕ የጨው ውሃ) ነው፤ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይተካዋል። ቁስሉ በደንብ ከታጠበ በኋላ ፖቪዶን አዮዲን ስስ ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ አቅጥነው ይጠቀሙ። አልኮል፣ በረኪናና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግን በመዳን ላይ ያለውን ሥጋ ጭምር ስለሚጎዱ ክፍት ቁስል ላይ አይፍሰሱ። ደም ከፈሰሰ ንጹሕ ጎዝ ደርበው፣ በየመሐሉ ገለጥ አድርገው ሳያዩ፣ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑት። ጎዙ በደም ከራሰ ሌላ ከላይ ይጨምሩ እንጂ የመጀመሪያውን አያንሡት፤ የረጋው ደም አብሮት ይነሣልና። በፋሻ ከጠቀለሉ በኋላ ጣቶቿ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ፋሻው ጠብቋልና ፈትተው እንደገና ያላሉት።

ቴርሞሜትርም ለእርሷ ብቻ የተለየ ይኑርዎት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ በሰው ትኩሳት የምንለው 38.5 ለእርሷ ደኅና ነው።

የቦሳ ነዋሪ፦
ሐኪሙ ከጻፉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ሕመም የበዛባት ውሻ ያሳደጋትንም ሰው ትነክሳለችና፣ አፏን የሚያስሩበት ረዘም ያለ ለስላሳ ጨርቅ ይጨምሩ፤ ሆኖም የምታስታውክ ወይም መተንፈስ ያቃታት ከሆነ አፏ አይታሰር። ለመዥገር ጫፉ ቀጭን ወረንጦ ያስፈልጋል፤ መዥገሩን ቆዳዋ አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው ቀጥታ ይሳቡት እንጂ በእሳት አይለብልቡት፣ ላምባም አይቀቡት። በእኛ ከተማ ደግሞ ቡና የማይሰጣበትና የማይፈላበት ግቢ የለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ በቸኮሌት ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ የውሻን ልብ ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣታልም፤ ስለዚህ ጥሬው ፍሬም ሆነ የጀበናው አተላ ከምትደርስበት ቦታ ይራቅ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአይጥ መርዝ ብትበላስ? እዚህ ወተት አጠጧት የሚል ብዙ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ወተት መርዝ አያረክስም፤ የሚያደርገው ሰዓት ማባከን ብቻ ነው። ራሷን እየሳተች ከሆነ፣ ወይም የጠጣችው ላምባ ወይም አሲድ ከሆነ፣ እንድታስታውክ ማድረግ የባሰ ጉዳት ያመጣል። የበላችውን መርዝ ማሸጊያ ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች ምልክታቸው የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ደኅና መምሰሏ አያታልልዎ። ለእነዚህ ማርከሻው ሐኪም የሚያዝዘው ቫይታሚን ኬ1 ነው።

ሕፃናት እንዳሉ ስለጠቀሱ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር አላልፍም። ከማታውቋት ውሻ ጋር ተናክሳ ስትመጣ ልጆቹን አርቀው፣ ጓንት አድርገው ይንኳት። ለሃጯ የሰው ቁስል ከነካ ወይም ሰው ከነከሰች፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና ቆይቶ ማየት አይገባም። የክትባት ካርዷን በሣጥኑ ውስጥ ያኑሩ፤ በማታና በእሑድ የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ስልክም ከአሁኑ ጠይቀው በክዳኑ ላይ ይለጥፉ።