ትንሿ ከተማችን ፈርሳ ታውንሺፑ ውስጥ ትግባ ወይ? እርዱኝ

ባለ ትራኩ (ጠያቂ)፦
ወገኖች ሰላም። ሚኒሶታ ነው ያለሁት፣ ከሚኒያፖሊስ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣ ብሎ። ቤት ርካሽ ስለሆነ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ገዛን። ከተማ ትባል እንጂ ነዋሪዋ መቶ አይሞላም። ከንቲባ አላት፣ ካውንስል አላት፣ የራሷ የውሃ ጉድጓድም አላት። ባለፈው ምርጫ ግን ለካውንስል የሚወዳደር ጠፋ። ጸሐፊዋም በዓመቱ መጨረሻ እለቃለሁ ብለዋል። ቅዳሜ ጎረቤቴ ፔቲሽን (የፊርማ ማመልከቻ) ይዞ መጣ፤ ከተማዋ ትፍረስና በዙሪያዋ ያለው ታውንሺፕ፣ ማለትም ከከተማ ውጭ ያለውን ገጠር የሚያስተዳድረው ትንሽ የአካባቢ አስተዳደር፣ ውስጥ ትግባ የሚል። እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የቤት ግብሬ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ለውሃው ቧንቧ የተወሰደው ብድርስ? በረዶውን ማን ይጠርጋል? አድራሻዬ ይቀየራል? እኔ ግሪን ካርድ ነኝ፣ ባለቤቴ ሲቲዝን ናት። ማክሰኞ ስብሰባ አለ።

የሴንት ፖሏ፦
ወንድሜ፣ እንኳን አልፈረምክ! ፔቲሽኑ የመራጮች ነው። ሲቲዝን ሳይሆኑ ድምፅ መስጠት ደግሞ በኋላ የኢሚግሬሽን ጉዳይህን ሊያበላሽብህ ስለሚችል፣ ጎረቤት ምንም ቢጎተጉትህ እዚህ ነገር ውስጥ እጅህን አታስገባ። ባለቤትህ ትፈርም፣ እሷ ትምረጥ። አንተ ስብሰባው ላይ ሄደህ መጠየቅ ትችላለህ።
አካሄዱ ደግሞ እንዲህ ነው። በመጨረሻው የከተማ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ቁጥር ሲሶ የሚያህሉ መራጮች ከፈረሙ ልዩ ምርጫ ይጠራል። አብላጫው ይፍረስ ካለና ውጤቱ ከተመዘገበ ከስድስት ወር በኋላ ከተማዋ የለችም። ስለዚህ መፈረም ማለት ማፍረስ አይደለም፣ ጉዳዩ ለድምፅ ይቅረብ ማለት ነው። አድራሻህ የፖስታ ቤት ጉዳይ ነው፣ ከተማዋ ስለፈረሰች ብቻ ዚፕ ኮድህ አይቀየርም። የልጆቹ ትምህርት ቤትም የራሱ ዲስትሪክት አለው፣ አይነካም።

ገጠር የገባው፦
እኔ ታውንሺፕ ውስጥ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ መራጩ ሁሉ ተሰብስቦ የዓመቱን ግብር ራሱ በድምፅ ይወስናል። እንደዚህ ቀጥ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም። ግን የታውንሺፕ ዋና ሥራ መንገድ ነው። የኛ የመንገድ መብራትም የውሃ መስመርም የለውም። በረዶ ይጠርጋሉ፣ እኔ ጋ እስኪደርሱ ግን አንዳንዴ ቀትር ይሆናል። ሌሊት ትራክ ይዘህ የምትወጣ ከሆነ ይህን አስብበት። ግቢህ ውስጥ ትራክ ስለማቆም ካውንቲውን (ከከተማና ከታውንሺፕ በላይ ያለውን አስተዳደር) ጠይቅ፣ የከተማዋ ደንብ ሲቀር ብዙ ጊዜ የካውንቲው ነው የሚመጣው።
ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ዊልኪን ካውንቲ ውስጥ ቴኒ የምትባል ከተማ ነበረች፣ በ2010 የሕዝብ ቆጠራ 5 ሰው ብቻ ነበረባት። በ2011 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ካምቤል ታውንሺፕ ውስጥ ገባች።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እኔ የምፈራው ውሃውን ነው። ከተማ ስለፈረሰ ዕዳ አይፈርስም። የታውንሺፑ ገበሬዎች ደግሞ የራሳቸው ጉድጓድ እያላቸው ያንተን ቧንቧ እንክፈል አይሉም፣ ልክም ናቸው። ሕጉ ለዚህ መላ አለው፤ ታውንሺፑ ያንን ሰፈር ለብቻው የአገልግሎት ክልል አድርጎ ወጪውን ከተጠቃሚዎቹ ብቻ መሰብሰብ ይችላል። ያም ማለት ከተማዋ ብትፈርስም ከፋዮቹ እናንተው ናችሁ።
ሌላው፣ የሚኒሶታ መንግሥት ለከተሞች በየዓመቱ የሚሰጠው ድጎማ አለ። ታውንሺፕ ድጎማ ቢያገኝም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ድጎማው ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ግብር ይቀንሳል የሚላችሁን አትመኑ። የቤት ግብር ወረቀትህን አውጣ፤ ካውንቲ፣ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ተብሎ ተለይቶ ተጽፏል። የሚለወጠው የከተማው መስመር ብቻ ነው። የታውንሺፑን ከጎረቤት ገበሬ ወረቀት ጋር አስተያየው።

ከኮሎምበስ፦
እዚህ ኦሃዮ ውስጥ አሚሊያ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2019 ኖቬምበር በድምፅ ፈርሳለች። ሰው የተቆጣው 1 በመቶ የገቢ ግብር ስለተጣለበት ነው። ለሁለት ተከፍላ ባታቪያና ፒርስ ታውንሺፕ ውስጥ ገባች። ታውንሺፕ እዚህ የገቢ ግብር መጣል ስለማይችል ነዋሪው ተገላገለ። ሚኒሶታ ላይ ግን ከተሞች የገቢ ግብር የላቸውም፣ ስለዚህ ያ ዓይነቱን ትርፍ አትጠብቅ።

እናት የሦስት፦
ልጄ፣ እኔ አትፍረስ ባይ ነኝ። ጸሐፊ ለቀቀች ተብሎ ከተማ ይፈርሳል? ከጎረቤት ከተማ ጋር ተዋውሎ አንድ ጸሐፊ መጋራት ይቻላል። ካውንስል የሚገባ ከጠፋ ባለቤትህ ለምን አትገባም? ቤት አላችሁ፣ ልጆች አሏችሁ። ታውንሺፑን የሚመሩት ሦስት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ገበሬዎች ናቸው፤ ስለ ኮረኮንች መንገድ እንጂ ስለ ቧንቧችሁ እንቅልፍ አያጡም።

ባለ ትራኩ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጸሐፊዋ ጋ ሄጄ ነበር። የውሃው ብድር ገና 14 ዓመት ይቀረዋል! ታውንሺፑን ማንም አላነጋገረም፣ ጎረቤቴም ብድሩን አያውቅም። ባለቤቴ ለጊዜው አትፈርምም። ማክሰኞ ውሃውን ማን ይረከባል፣ ድጎማው ስንት ነው፣ ታውንሺፑስ ምን ይላል ብላ ትጠይቃለች። መልሱ በጽሑፍ ይሁን ልትልም ነው። ካውንስሉን እያሰበችበት ነው፣ እማማ። እስከ ማክሰኞ የምትጨምሩት ካለ ጻፉልኝ።