የ200 ሚሊሜትሩን የቴሌስኮፕ መስታወት ወልውሎ ለመጨረስ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሞረዳው ካለቀ ስድስት ወር ሆነ፤ መስታወቱ ግን አሁንም እንደ ደበዘዘ ተቀምጧል። አዲስ ዝፍት አቅልጠን የመወልወያ ገበታ እንሠራለን፤ በእርሱም ላይ በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት እንወለውላለን፤ ቅርጹን በምላጭ ፈተና (ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን በምላጭ ጠርዝ እየከለሉ የገጹን ጉድለት ማየት) እየተከታተልን ፓራቦላ (የሩቅ ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብ ጎድጓዳ ቅርጽ) እናደርሰዋለን። የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር ስለሆነ ሉል ሆኖ ቢቀር ምስሉ አይጠራም። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሴሪየም ለምን ይገዛል? ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ግማሹ ሳይነካ አለ። መጀመሪያ እርሱ ይለቅ።

የአዳራሽ ኃላፊ፦ ቀዩ ዱቄት የአዳራሹን ደጃፍ አይረግጥም። ወለሉን ተንበርክኬ የፈገፈግሁት እኔ ነኝ፤ እድፉ ዛሬም አለቀቀም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥፋቱ የዱቄቱ አይደለም። ጋዜጣ አንጥፍ ተብሎ ያላነጠፈው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ነባር አባል፦ አንጥፌአለሁ! ውሃው አርሶት ተቀደደ እንጂ። በዚህ ዕድሜዬ በጋዜጣ ልከሰስ?

የአዳራሽ ኃላፊ፦ ተነጠፈም አልተነጠፈም እድፉ አለ።

መስታወት ሠሪ፦ ቀዩ ዱቄት ያቆሽሻል፣ ከሴሪየምም ይዘገያል፤ ግን ይሠራል። ባለፈው ያከሰረን ዝፍቱ ነው። ከመጠን በላይ ለስላሳ ስለነበር የመስታወቱ ዳር ወደ ታች ወረደ፤ ከዳር የሚመጣው ብርሃን ከሌላው ጋር አንድ ቦታ አልገናኝ አለ። ዝፍቱ በምንሠራበት ክፍል ሙቀት የአውራ ጣት ጥፍርን ጫና ቀስ ብሎ መቀበል፣ በድንገት ሲመታ ግን መሰንጠቅ አለበት። በዝፍቱ ላይ ቦዮቹ ሲቆረጡ ደግሞ መካከለኛው አራት ማዕዘን ከመሃል ፈቀቅ ይበል፤ ልክ መሃል ላይ ከዋለ መስታወቱ ክብ ክብ ቀለበት ያወጣል። በመስታወቱ ገጽ ላይ ከ70 ናኖሜትር የበለጠ ስህተት እንዳይቀር የምንጠበብ ሰዎች ስለ ወለል እንጣላለን?

የአዳራሽ ኃላፊ፦ ስለ ወለሉ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ቃሌ ከረር ብሏል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ዱቄቱ ግን አቋሜ ያው ነው።

ነባር አባል፦ ይቅር ብዬሻለሁ። ዝፍት ሲቀልጥ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ነበልባል ከነካው ይቀጣጠላል፣ ከመጠን በላይ ከሞቀም ይደርቃል።

መስታወት ሠሪ፦ የምላጩን መፈተኛ እሠራለሁ ያለው አባል የት ደረሰ? ያለ እርሱ ዓይናችን ታስሮ ነው የምንወለውለው።

መስታወት ሠሪ፦ ሦስት ቀን ሆነው። መልስ የለም?

ጸሐፊ፦ ሦስተኛ ረቂቅ። ቀዩ ዱቄት ይሠራበታል። ሴሪየም ይገዛበት በነበረው መዋጮ የወለል መሸፈኛ ላስቲክና የማይነቃነቅ የሥራ ጠረጴዛ ይገዛል። የዝፍቱ ግዢና መፈተኛው ወደሚቀጥለው መዋጮ ይተላለፋሉ።

መስታወት ሠሪ፦ ያለ ዝፍት በምን ልንወለውል ነው? ይህን ረቂቅ አልፈርምም።

የአዳራሽ ኃላፊ፦ እኔ እፈርማለሁ። ላስቲኩ ግን እስከ በሩ ይድረስ፤ የጫማ ዱካም ያቀላል።

ገንዘብ ያዥ፦ እስከ በሩ ከሆነ ለጠረጴዛው አይተርፍም።