የሠርግ ቪዲዮ አርብ ላስረክብ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጨለመብኝ

ባለ ስቱዲዮው፦ ወገኖቼ ድረሱልኝ! ትናንት ማታ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ማስተካከያ) ገብቼ የፕሮሰሰሩን፣ ማለት የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፍጥነት 4.9 ጊጋኸርዝ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል። ሶኬቱን ነቅዬ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ወይ ፍንክች። የሙሽሪት እናት ከማለዳ ጀምሮ እየደወሉ ነው።

የጦሳ ጎረቤት፦ ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ሐኪም ዘንድ ሄደህ «አሞኛል» ብቻ ብለህ ትወጣለህ?

ባለ ስቱዲዮው፦ ይቅርታ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ ነው። ሰኞ ገበያ ያለው ተፎካካሪዬ 5800ኤክስ3ዲ ገዝቶ «96 ሜጋባይት ካሽ» (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማኅደር) እያለ ይፎክርብኛል። የእኔ 32 ስለሆነ በፍጥነት ላካክሰው ብዬ ነው።

አንጋፋው፦ ይህ ፉክክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ኤኤምዲ አንድ ጊጋኸርዝ የደረሰውን አትሎን ሲያወጣ፣ ተቀናቃኙ ኢንቴል ቀናት ሳይቆይ በፔንቲየም 3 ተከተለው። ኢንቴል በፔንቲየም 4 ወደ 4 ጊጋኸርዝ ሲገሰግስ ግን ሙቀቱ አላስጠጋ ብሎት በ2004 እቅዱን ሰረዘ። የፍጥነት ነገር እንዲህ ነው፤ ትንሽ ለመጨመር ብዙ ቮልቴጅ ይበላል፣ ቮልቴጁ ደግሞ ሙቀት ይወልዳል።

የሐይቅ ልጅ፦ ሙቀት ከሆነ ጦሳ ተራራ ላይ አውጥተህ አስጣው!

አንጋፋው፦ ቀልድህን ትተህ ስማ፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ብርዱ ይረዳል፣ አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚወስደው።

የኢንቴል ወዳጅ፦ ስሙ ላይ «ኬ» ያለበትን፣ ያልተቆለፈውን ኢንቴል ብትገዛ ኖሮ ፍጥነቱን እንደ ልብህ ትጎትተው ነበር።

የጦሳ ጎረቤት፦ መጎተት የሚፈቅደውን፣ ዜድ የተባለውን ማዘርቦርድ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) አብሮ ካልገዛ ምን ሊጎትት? እስቲ ሰውየውን አታባክኑት።

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የጻፍክለት ቁጥር ነው የያዘው። ሶኬቱን ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ተጫን፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥተህ አሥር ደቂቃ ቆይ። ስትመልሳት ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። መጀመሪያ ሲነሣ ሊዘገይ ይችላል፤ ደንግጠህ እንዳታጠፋው።

የቪዲዮ ሰው፦ የተነሣህበት ሐሳብ ራሱ ስሕተት ነው። ያ ትልቅ ካሽ የሚጠቅመው በተለይ ለጌም ነው። 5800ኤክስ3ዲ እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ ብቻ ይሄዳል፣ ያንተ እስከ 4.7፤ ኮሮቹ (ሥራውን የሚካፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሁለቱም ጋ ስምንት ናቸው። ቪዲዮ በማውጣት ሥራ ያንተው ነው ትንሽ የሚቀድመው! ተፎካካሪህ ደግሞ እንዳንተ በባዮስ ልጎትተው ቢል እንኳን ኤኤምዲ ቆልፎታል።

የሐይቅ ልጅ፦ እንግዲህ የቀደመውን ሊቀድም ሲሮጥ ነው የወደቀው።

አዲስ አባል፦ ባትሪውን አውጥተህ መልሰው።

የጦሳ ጎረቤት፦ ተብሏል እኮ ወንድሜ።

ከኮምቦልቻ፦ ባለ ስቱዲዮው፣ ተነሣልህ? ካልተነሣ ዛሬ ማታ ደሴ እወጣለሁ፣ ትርፍ ባትሪ ይዤልህ እመጣለሁ።

የኢንቴል ወዳጅ፦ የምትሸጠው ከሆነ እኔን አስቀድም።